የአንድ መዝገብ ታሪክ፤ ከወረኢሉ የጦር ሰፈር እስከ ጤና ኬላው ታብሌት

በወረኢሉ ደጋም ሆነ ከእርሱ በስተ ምዕራብ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች የምትሠራ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የአንዲትን ነፍሰ ጡር እናት ስምና ዕድሜ በታብሌቷ አንድ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ከመዘገበች በኋላ፣ ያው ስም በእርግዝና ክትትሉ ገጽ፣ በቤት ለቤት ጉብኝቱ ዝርዝር፣ ወደ ጤና ጣቢያ በሚላከውም የሪፈር ገጽ ላይ ዳግመኛ ሳይጻፍ ይገኛል። ለሚያየው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በአንድ ቋት የተቀመጠ መረጃ በየገጹ እንዲታይ፣ በአንዱ ገጽ የታረመውም በሌሎቹ ሁሉ ታርሞ እንዲገኝ ማድረግ፣ የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ የደከሙበት፣ ከእነርሱም አስቀድሞ ጸሐፌ ትእዛዙ፣ የመዝገብ ቤት ሹሙና የቆጠራ ሠራተኛው በየዘመናቸው የተፈተኑበት ጉዳይ ነው።

የወረኢሉ ሽማግሌ የዓድዋን ክተት ያውቃል፤ የቀድሞው የአውራጃ ጸሐፊ ካርቦኑንና ፋይሉን ያስታውሳል፤ ኮምፒዩተር የተማረው ወጣት ስለ ዳታቤዝ ይናገራል፤ ነገር ግን ሦስቱም ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከጥንተ ነገሩ ጀምረን በየዘመኑ እንከተላለን፤ ዓመታቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከ13ኛው መቶ ዓመት እስከ 1888፤ አንዱ መጽሐፍና አንዱ ሜዳ

ከወረኢሉ በስተ ሰሜን በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን ካቀኑት ጀምሮ፣ በሌሎችም ታላላቅ አድባራት እንደ ነበረው ሥርዓት፣ የወንጌል መጽሐፍ የቅዳሴ ንባብ ብቻ የሚነበብበት አልነበረም። በባዶ ቅጠሎቹና በኅዳጎቹ ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠው ጉልት፣ የንዋየ ቅድሳቱ ቍጥር፣ የስጦታውም ምስክሮች ስም ይጻፍበት ነበርና፣ መጽሐፉ መዝገብም ነበረ። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ በአንድ ዕቃ ቤት ስለሚጠበቅ፣ ፍቆ የሚለውጠውም ሰው በግዝት ስለሚታሰር፣ በእርሱ ላይ የተጻፈው ነገር ከሌላ ከማናቸውም ብራና ይልቅ ይታመን ነበር። ዳኛው ክርክር ሲነሣ፣ አለቃው ግብር ሲከፍል፣ ባለርስቱ ድንበር ሲጠይቅ፣ ሁሉም ወደ መጽሐፉ ይመጣሉ እንጂ መጽሐፉ ወደ እነርሱ አይሄድም፤ ጥያቄያቸው ልዩ ልዩ ሲሆን የሚያዩት ጽሕፈት ግን አንድ ነው። የዚህ ሥርዓት ጕድለቱ ሩቅ ያለ ሰው ሊያየው አለመቻሉና አንድ የእሳት አደጋ ሁሉን ሊያጠፋው መቻሉ ነበር።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1860ዎቹ ወረኢሉን ወሎን የሚጠብቁበት የጦር ሰፈር አድርገው በቈረቈሩ ጊዜ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ደጋ በሸዋና በሰሜኑ አገር መካከል የሠራዊት ማረፊያና የስንቅ ማከማቻ ሆነ። በ1888 መባቻ የዓድዋ ክተት በታወጀ ጊዜም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ተሰብስቦ እንዲገኝ የታዘዘው በዚሁ በወረኢሉ ነው። ይህን ክተት ከጦር ታሪክነቱ ሌላ በመዝገብ ዓይን ስናየው አንድ ነገር ይገለጥልናል። እያንዳንዱ መኰንን የራሱን ወታደር፣ ባላገሩም የሚያቀርበውን ስንቅ በየበኩሉ ያውቅ ነበር፤ የሁሉ ድምር ግን በአንድ ወረቀት ላይ አልነበረም። ስለዚህ ሠራዊቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በዓይን ለማየት ሠራዊቱን ራሱን በአንድ ሜዳ ማቆም ግድ ነበር። መረጃው ከሰዎቹ ተለይቶ የሚጓዝበት መንገድ ገና አልተበጀምና፣ ድምሩን ለማወቅ ሰው በእግሩ ወደ ወረኢሉ መጣ።

ከ1900 እስከ 1966፤ የቅጂ ዘመን

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ፤ ከዚህም ጊዜ ጀምሮ የመንግሥት ነገር በአንድ ጸሐፊ ከመያዝ ወጥቶ ለየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፈለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ስትደራጅ ወረኢሉና መካነ ሰላም የሚገኝበት ቦረና እያንዳንዳቸው የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች ሆኑ፤ ለየአውራጃው ግዛት ጽሕፈት ቤትም መዝገብ ቤት ተከፈተ።

የዚህ ዘመን መሣሪያ የጽሕፈት መኪናና ካርቦን ነበረ። አንድ የግብር ጕዳይ ከወረዳ ሲነሣ ዋናው ወደ አውራጃ ይሄዳል፤ አንዱ ቅጂ በላኪው ፋይል ይቀራል፤ ሌላው ወደ ደሴ ይላካል፤ ከደሴም በአዲስ ቍጥርና በአዲስ ማኅተም ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ወረቀቱ በየደረጃው ሲያርፍ አንዱ ጸሐፊ ስም ያርማል፤ ሌላው ቍጥር ያስተካክላል፤ ሦስተኛው ከዳር ማስታወሻ ይጽፋል፤ እርማቱ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የቀሩትን ቅጂዎች አያገኛቸውም። ዓመት ካለፈ በኋላ አራቱ ፋይሎች ቢተያዩ አራት ልዩ ልዩ ቃል ይገኝባቸዋል፤ ሐሰተኛ ጸሐፊ ስለ ነበረ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅጂ የየራሱን ዕድሜ ስለ ኖረ ነው። የጥንቱ ወንጌል ጭንቅ ሰው ሊደርስበት አለመቻሉ ነበረ፤ የአዲሱ ዘመን ጭንቅ ግን ከቅጂዎቹ የትኛው እንደሚታመን አለመታወቁ ሆነ።

የዚህ ሥርዓት መራራ ፍሬ በ1965 እና በ1966 በወሎ ረኀብ ታየ። የሰብሉ መጥፋትና የሕዝቡ መሰደድ በየአውራጃው ይታወቅ ነበር፤ ከታች ያሉ ሹማምንትም ወደ ላይ ጽፈዋል፤ ነገር ግን ወሬው በየጠረጴዛው እያደረ፣ በየደረጃው እየለዘበ፣ በመጨረሻም ከሚመለከታቸው ብዙዎቹ ሊሸሽጉት እየፈለጉ፣ ዓለም ያወቀው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በ1966 መግቢያ ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ረኀብ ባደረጉት ጥናት፣ የረኀብ ወሬ ከወረዳ ተነሥቶ እስከ ዘውዱ ለመድረስ ይፈጅ የነበረውን ጊዜ ከመዝገብ እየለቀሙ አሳይተዋል። መረጃው ተጽፎ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የገዛ ገጹን ብቻ ያይ ነበር።

ከ1962 እስከ 1977፤ በባሕር ማዶ የተፀነሰ ሐሳብ፣ በአገር ቤት የተጀመረ ቆጠራ

ወሎ በዚህ መከራ ሳለች፣ የወረቀቱን ሕመም የሚፈውስ ሐሳብ በሩቅ አገር፣ ለሌላ ጕዳይ ሲባል ይታሰብ ነበር። በ1962 ዓ.ም. በአይቢኤም ኩባንያ የሳን ሆዜ የምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ፣ ስለ ታላላቅ የጋራ የመረጃ ቋቶች አንድ ጽሑፍ አወጡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በኮምፒዩተር የተቀመጠን መረጃ ለማግኘት የፈለገ ፕሮግራም፣ መረጃው በየትኛው ሥፍራ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደ ተከማቸ ማወቅ ነበረበት፤ ሥፍራው ቢለወጥ ፕሮግራሙ ይሰናከላል። ኮድ ያቀረቡት ሐሳብ መረጃው ሁሉ በሰንጠረዥ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጻፍ፣ ሌላው ሰንጠረዥ ሲፈልገው እንዳይቀዳው፣ መለያ ቍጥሩን ይዞ እንዲያመለክተው የሚያደርግ ነው። የእናትየዋ ስም በአንድ ሰንጠረዥ ይኖራል፤ የክትባቱ ሰንጠረዥ ቍጥሯን ብቻ ይይዛል፤ ስሟ ቢታረም እርማቱ አንድ ቦታ ተደርጎ በሁሉም ዘንድ ይታያል።

ዘጠኝ ዓመት ቈይቶ በ1971 ኖርዌጃዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ፣ በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል በእንግድነት ሲሠሩ፣ የዚህን ሐሳብ ሁለተኛ ክንፍ አገኙ። ኮድ መረጃው እንዴት እንደሚቀመጥ አስበው ነበር፤ ሬንስካውግ ያሰቡት ግን በመስኮቱ ፊት ስለ ተቀመጠው ሰው ነው። ብዙ ዝርዝር ያለበትን ነገር አንዱ በሰንጠረዥ፣ ሌላው በሥዕል፣ ሦስተኛው በድምር ሊያየው ይሻልና፣ መረጃውን የሚይዘው ክፍል፣ የሚያሳየው ክፍልና የሰውየውን ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል ተለይተው እንዲሠሩ ሥርዓት አወጡ። መረጃ ያዡ ስለ ገጾቹ አንዳች አያውቅም፤ ገጾቹ ግን ወደ እርሱ እየመጡ ይጠይቁታል፤ ሲለወጥም መለወጡ ይነገራቸዋል። ዛሬ በየስልኩ ያለው መተግበሪያ ሁሉ፣ ስሙና መልኩ ቢለያይም፣ ከዚህ ሐሳብ የወረሰው አለ።

በአገር ቤት ደግሞ ከረኀቡ ማግሥት በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የዝናሙን፣ የሰብሉንና የገበያውን ወሬ ከየአውራጃው እየሰበሰበ አደጋን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍልም አደራጀ። በግንቦት 1976 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ወደ 42 ሚሊዮን መድረሱ ታወቀ። በዚሁ ዓመት መጋቢት ላይ ኮሚሽኑ ታላቅ ረኀብ እየመጣ መሆኑን ለለጋሾች አስታውቆ እርዳታ ጠየቀ። ይሁን እንጂ እርዳታው ዘግይቶ፣ በ1977 ጥቅምት ከኮረም የረኀብ መጠለያ የታየው ሥዕል ዓለምን እስኪያስደነግጥ ድረስ ብዙ ሰው አለቀ። ከ1966 እስከ 1977 ባለው ጊዜ የተማርነው ትምህርት ስለዚህ ሁለት ወገን አለው። በመጀመሪያው ጊዜ መረጃው ወደሚመለከተው ዓይን አልደረሰም፤ በሁለተኛው ጊዜ ደረሰ፤ ያየው ሁሉ ግን በሚገባው ፍጥነት አልተነሣም። መዝገብ ለማየት ያበቃል፤ ፈቃደኝነትን ግን አይተካም።

ከ1992 እስከ 2003፤ ፊደሉ፣ ትንሿ ቋትና የቤተሰብ ማኅደር

ኮምፒዩተር ወደ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሲገባ የአማርኛ ፊደል ራሱ እንቅፋት ሆነ። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ሰጥቶ ስለ ነበር፣ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው ደብዳቤ ፓወር ግዕዝ ብቻ ባለው ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በአንድ ቢሮ ውስጥ ጐን ለጐን የተቀመጡ ሁለት ኮምፒዩተሮች መረጃ ሊጋሩ ካልቻሉ፣ ወረዳና ዞን የሚጋሩበት ተስፋ አልነበረም። በ1992 መባቻ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የትም ቢሄድ የማይለወጥ አንድ ቍጥር ተሰጠው።

በዚያው ዓመት ማለቂያ፣ በነሐሴ 1992፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ ኤስኪውላይት የተባለችውን ትንሽ የመረጃ ቋት አወጣ። የተፀነሰችበት ምክንያት ለአንድ የባሕር ኀይል መርከብ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ የታየ ችግር ነው፤ ፕሮግራሙ መረጃውን ከአንድ ትልቅ የዳታቤዝ ሰርቨር ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ሰርቨሩ በተሰናከለ ቍጥር ሥራው ይቆማል። ሂፕ ያሰበው አገልጋይ የማትሻ፣ መላ ሰውነቷ አንድ ፋይል የሆነች፣ ፕሮግራሙ በሄደበት አብራ የምትሄድ ቋት ነበር። ለመርከብ የታሰበችው ይህች ቋት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየሰው ኪስ ውስጥ ገባች፤ ኔትዎርክ ሲመጣና ሲሄድ በሚውልበት ደጋ፣ አገልጋይ ሳትጠብቅ የምትሠራ መሆኗ ከማናቸውም ምግባሯ በላይ ሆነ።

በዚህ መካከል በ1995 እና 1996 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ደረሰ። እነርሱ የሚይዙት መዝገብ ግን የቅጂውን ዘመን ሕመም ወረሰ፤ ለክትባት አንድ፣ ለእርግዝና አንድ፣ ለቤተሰብ ምጣኔ አንድ መዝገብ ነበረና፣ የአንዲት እናት ስም በብዙ መዝገብ ተበታተነ። በ2000 ዓ.ም. የጤና መረጃ ሥርዓቱ በተሻሻለ ጊዜ ተከትሎ የመጣው የቤተሰብ ማኅደር፣ ባለሙያዎቹ ፋሚሊ ፎልደር የሚሉት፣ ይህን መበታተን ለማስወገድ የታሰበ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ማኅደር ይከፈታል፤ የአባወራው ስም፣ የመጸዳጃ ቤቱና የውኃው ሁኔታ በሽፋኑ ላይ ይጻፋል፤ የእናትና የሕፃን ካርድ በውስጡ ይቀመጣል፤ ማኅደሮቹም በየጎጡ ተለይተው በጤና ኬላው መደርደሪያ ይደረደራሉ። ቀጠሮ ያላት እናት ካርድ ደግሞ በየወሩ በተከፋፈለ ሣጥን ውስጥ በቀጠሮዋ ወር ሥር ይገባል፤ ወሩ ሲደርስ ሣጥኑ ሲከፈት ያልመጣችው እናት ካርዷ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል።

ይህ ሥራ ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ ኮድ በሰንጠረዥ ያሰቡት አንድነት በካርቶንና በእንጨት ሣጥን ተሠርቶ ነበርና። ጕድለቱ በድምሩ ላይ ነው። ከአንዱ ወር 21 ቀን እስከ ሚቀጥለው ወር 20 ቀን ያለው የወር ሪፖርት ሲደርስ ባለሙያዋ በእጇ እየቈጠረች ወደ ቅጽ ታሳልፋለች፤ ጤና ጣቢያው የቀበሌዎቹን ይደምራል፤ ወረዳው የጤና ጣቢያዎቹን ይደምራል። ማኅደሩ እውነተኛ ሲሆን ድምሩ ግን ዳግመኛ ቅጂ ሆነ።

ከ2001 እስከ 2009፤ የሚረሳው ገጽ

በመስከረም 2001 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ለዓለም ሲገለጥ ኤስኪውላይት በውስጡ ነበረች፤ አይፎንም በዚያው ዓመት ኮር ዳታ የተባለውን የመረጃ አያያዝ ለመተግበሪያ ሠሪዎች ፈቀደ። ቋቱ አንድ ሆኖ ሳለ ግን መተግበሪያዎቹ የቅጂውን ስሕተት በትንሹ ስልክ ውስጥ ደገሙት፤ ምክንያቱም በአንድሮይድ ያለው ገጽ ዕድሜው አጭር ነው። ስልኩ ከቁም ወደ ጐን ሲዞር ገጹ ፈርሶ እንደ ገና ይሠራል፤ ስልክ ተደውሎ ሌላ መተግበሪያ ሲከፈት ማስታወሻው ከጠበበ ገጹ ይጠፋል፤ በገጹ ማስታወሻ ብቻ የተያዘ ነገርም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ላይ ሠሪው ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲሸጋገር መረጃውን ሁሉ ጠቅልሎ እንደ መልእክት ይልከው ነበር፤ መልእክቱ ወደ አንድ ሜጋባይት ሲጠጋ መተግበሪያው ይወድቃል፤ ሳይወድቅ ቢደርስ እንኳ የደረሰው ቅጂ ነውና፣ በሁለተኛው ገጽ የታረመው በመጀመሪያው ገጽ ሳይታረም ይቀራል።

መፍትሔው ቀስ በቀስ ተገኘ። መጀመሪያ ልማድ የሆነው ከገጽ ወደ ገጽ መለያ ቍጥሩን ብቻ ማሳለፍ ነው፤ ተቀባዩ ገጽ በቍጥሩ ከቋቱ ራሱ ያነብባል። ቀጥሎም ገጾች ቋቱን እንዲጠባበቁ፣ ሰንጠረዡ ሲለወጥ ራሳቸውን እንዲያድሱ ማድረግ መጣ። በግንቦት 2009 የጎግል ኩባንያ ሩም የተባለውን የቋት መገልገያ፣ ከእርሱም ጋር የገጹን መረጃ ከገጹ መፍረስ የሚያተርፈውን ቪውሞዴልንና ለውጥን ለገጾች የሚያበሥረውን ላይቭዳታን አቅርቦ፣ የእውነት ምንጭ አንድ ብቻ ይሁን የሚለውን ሥርዓት ለሠሪዎች ሁሉ መመሪያ አደረገው። ሬንስካውግ ካሰቡት 38 ዓመት አልፎ ነበር፤ ሐሳቡ የዘገየው ስላልታወቀ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሠሪው አቋራጩን እየመረጠ የቅጂውን ዋጋ እንደ ገና ካልከፈለ ስለማይማር ነው።

ከ2010 እስከ 2012፤ ቋቱ ጤና ኬላ ደረሰ

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 በጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮትን ከአራቱ ዐበይት አጀንዳዎች አንዱ አደረገ። ከእርሱም ሁለት ሥራዎች ተከተሉ። አንደኛው ድምሩን የሚይዘው ዲኤችአይኤስ ሁለት ነው፤ ይህ ሥርዓት ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ተጀምሮ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያደገ ሲሆን፣ ሬንስካውግ ያስተማሩበትም ዩኒቨርሲቲ ይኸው ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት፣ በአጭሩ ኢችስ የሚባለው፣ ከ2010 ጀምሮ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በታብሌት የተሰጠው ነው። የተሠራውም ዲማጊ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ኮምኬር ላይ ነው።

ኮምኬር አንዱ ቅጽ ለሌላው ቅጽ መረጃ እንዳያቀብል አድርጎ ለአንድ ሰው ወይም ቤተሰብ በሚከፈት፣ ኬዝ በሚባል መዝገብ ሁሉን ያገናኛል። ቅጹ በተሞላ ቍጥር በኬዙ ላይ ይጽፋል፤ ሌላው ቅጽ ከኬዙ ያነብባል፤ የተሞላው ቅጽ ራሱም ሳይጠፋ ይቀመጣልና፣ ማን መቼ ምን እንደ ጻፈ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። ነገሩን በሥራ ላይ እንየው። ባለሙያዋ በአንድ ደጃፍ ገብታ ቤተሰቡን ስትከፍት የአባላቱ ስም ይዘረዘራል። አያቲቱ፣ «ልጄ፣ የምራቴን ስም ባለፈው ነግሬሽ አልነበረም?» ቢሏት፣ «አዎ እማማ፣ እዚሁ ተቀምጧል፤ አሁን የምጠይቀው ስንት ወር እንደ ሆናት ነው» ትላቸዋለች። የወሩ መልስ በእርግዝናው ቅጽ ሲገባ በኬዙ ላይ ይጻፋል፤ የጉብኝቱ ዝርዝር የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከዚያው ያወጣል፤ አደጋ የሚያመለክት ነገር ቢገኝ የሪፈሩ ገጽ ስሟን፣ ዕድሜዋንና የእርግዝናዋን ወር ይዞ ይከፈታል፤ ባለሙያዋ ሲንክ ካደረገች፣ ማለት የታብሌቱን ቋት ከሰርቨሩ ጋር ካመሳሰለች በኋላም በጤና ጣቢያው ያለችው አዋላጅ ታየዋለች። ያን ሁሉ የካርድ ሣጥን ሥራ የሚሠራው አሁን የቀጠሮው ዝርዝር ነው።

የአገሩ ጠባይም በቋቱ ላይ የራሱን ጥያቄ አመጣ። ቀኑ በአሥራ ሦስት ወር መቍጠሪያ ይገባል፤ በቋቱ ውስጥ ግን ስሌት እንዳይዛባ በአንድ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ይቀመጣል፤ በየገጹ ሲወጣ ደግሞ ጳጉሜንን ጨምሮ በኛው ቀን ይታያል። ስምም እንዲሁ ነው፤ በወሎ ብዙ የሆነውን ስም አንዷ ባለሙያ «ሐዋ»፣ ሌላዋ «ሀዋ» ብትጽፈው ለማሽኑ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ «ሰይድ» እና «ሠይድ» ደግሞ እንደዚሁ። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ የተጻፈውን ሳይነካ፣ በፍለጋው ጊዜ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ይቈጥራል፤ ይህን ካላደረገ ዳግም ምዝገባ ይበዛና ቅጂው በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ከ2013 ወዲህ፤ ጦርነት፣ የተዘጋ ኔትዎርክና የማየት ሥልጣን

ይህ ሥርዓት ሥር ሳይሰድ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት መጣ። በ2014 መጀመሪያ ውጊያው ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወረኢሉንና አቀስታን እስከ ማዳረስ ደረሰ፤ በአማራ ክልልም ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ፈረሱ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቤተሰብ ማኅደሩ ከተቃጠለ ሌላ ምስክር የለውም። ታብሌቱ ግን ቢዘረፍ፣ እስከ መጨረሻው ሲንክ የደረሰው ሁሉ በሰርቨሩ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮች፣ ያለ ኔትዎርክ መሥራት መቻልና ኔትዎርክ ሲገኝ ቶሎ ማስተላለፍ፣ አንዱ ለሌላው መድን ሆኑ።

በሐምሌ 2015 ማለቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁለተኛው ፈተና መጣ፤ መዘጋቱም እስከ 2016 ክረምት ቈየ። ያለ ኔትዎርክ ለጥቂት ቀን እንዲሠራ የታሰበ ሥርዓት ለወራት ብቻውን ሲቀር፣ በእያንዳንዱ ታብሌት ያለው ቋት የየራሱ ምንጭ ይሆናል። ሁለት ባለሙያዎች የአንዲቱን እናት መዝገብ በየታብሌታቸው ቢለውጡ፣ ኔትዎርኩ ሲመለስ በኬዙ ላይ የሚጸናው ሰርቨሩ ዘግይቶ የተቀበለው ቃል ነው፤ እርሱም ዘግይቶ የተጻፈው ላይሆን ይችላል። ቅጾቹ ሁሉ ተጠብቀው መቀመጣቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ማሽኑ ያልለየውን ሰው ቅጾቹን አስተያይቶ ይለየዋልና። በ1900 የተጀመረው የቅጂ ጭንቅ ስለዚህ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በሚታወቅ ሥፍራ ተወስኖ እርማት የሚገኝለት ሆነ።

በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 መውጣቱ ደግሞ ታሪኩን ወደ አዲስ ጥያቄ አሻገረው። እስካሁን የተነጋገርንበት ዘመን ሁሉ የደከመው መረጃውን ለሚመለከተው ሰው ለማሳየት ነበር፤ የወሎ ረኀብም የዚህን ተገቢነት በብዙ ነፍስ አስመስክሯል። ነገር ግን በአንድ ቋት የተሰበሰበ መረጃ ለብዙ ገጽ ሲከፈት የእናትየዋ የደም ምርመራ ውጤትም ከስሟ ጋር አብሮ ይከፈታል። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ልታውቀው የሚገባትን የቀበሌው ሹም ሊያውቀው አይገባም፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ድምሩን እንጂ ስሙን አይሻም። በቴክኒኩ ረገድ ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ አንዱን መዝገብ በተለያየ ገጽ ማሳየት የቻለ ሥርዓት፣ ከየገጹ የትኛው ዓምድ እንዲሰወር መወሰንም ይችላል። አስቸጋሪው ውሳኔውን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። በሐይቁ ወንጌል ዘመን ይህ ሥልጣን በዕቃ ቤት ጠባቂው እጅ ነበረ፤ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት መተግበሪያውን በሚሠራው ወጣት እጅ ላይ ወድቋል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የጤና ባለሙያውና የሕግ ዐዋቂው ገጹ ከመሠራቱ አስቀድሞ ከሠሪው ጋር መቀመጣቸው፣ መዝገቡ የእርሷ የሆነችውም እናት ማን እንደሚያየው ተነግሯት መፍቀዷ ነው።